ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ የሚያድርበት ቦታ

ፈረስ በመኪና ተሳቢ ጭነው ረጅም መንገድ ሊሄዱ የተሰናዱ ሰዎች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚያነሡት የተሽከርካሪውን ነገር ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የተሳቢው ወለል፣ የመወጣጫው ስፋት። ሁሉም መታየት አለበት። ማደሪያውን የሚያነሣልኝ ግን ጥቂት ነው፤ የሚያነሣውም ብዙ ጊዜ ለጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈረስ ሳመላልስ የያዝኩት ልማድ የዚህ ግልባጭ ነው። መጀመሪያ ማደሪያውን አገኛለሁ፤ መንገዱን የምቀይሰው ከዚያ ተነሥቼ ነው። ፈረሱ የት እንደሚያድር ሳላረጋግጥ የተሳቢውን በር አልከፍትም።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ዳማ ባዝራ ናት። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነበር። ለማደሪያ የተነጋገርኩበት ቦታ ስደርስ መሽቷል፤ በሩ ተቆልፏል፤ ስልክ የሚያነሣም የለም። ሌላ ቦታ አልያዝኩም ነበርና ‹‹የቀረው ትንሽ ነው›› ብዬ ሌሊቱን ስነዳ አደርኩ። ባዝራዋ አንገቷ ወደ ላይ እንደታሰረ 15 ሰዓት ያህል ቆማ ደረሰች። ስትወርድ ጤነኛ ትመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ድርቆሿን ተወች። ትኩሳቷ ከ40 ዲግሪ አለፈ፤ ጎድኗን ሲነኳት ትሸሻለች፤ አንድ እርምጃ ለመራመድ ትሳቀቃለች። የእንስሳት ሐኪሙ ሳንባዋም የሳንባዋ ሽፋንም መቆጣቱን ነገረን። ሳምንታት ታክማ ተረፈች፤ እንደ ቀድሞዋ መጋለብ ግን አልቻለችም። ያ ሌሊት ዛሬም በጉዞ ሁሉ አብሮኝ አለ።

ማደሪያ ስንመርጥ ምን እንደምንፈልግ የሚነግረን የሕመሙ መነሻ ነውና እርሱን ልናገር። ፈረስ የተፈጠረው አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ እንዲውል ነው። አንገቱ ዝቅ ሲል የአየር መተላለፊያው የገባበትን አቧራና ባክቴሪያ ከንፍጥ ጋር እየጠረገ ወደ ውጭ ያፈስሳል። በተሳቢ ውስጥ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲታሰር ያ ጽዳት ይቋረጣል። የድርቆሽ ብናኝና ከሽንቱ የሚነሣው አሞኒያ ደግሞ ይጨመርበታል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያው በሳንባው መግቢያ አካባቢ እየበዛ ይሄዳል። ሐኪሞች የጉዞ ትኩሳት የሚሉት ሕመም ሥሩ ይህ ነው፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ፈረሱ ከወረደ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ማደሪያ ስል ፈረሱ ከተሳቢው ወርዶ፣ ሳይታሰር፣ ድርቆሹን ከመሬት እያነሣ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያድርበት ቦታ ማለቴ ነው። የእኔ አልጋ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

መንገዱን ወደ ኋላ መቁጠር

በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አልጓዝም። ይህ ግን የካርታው 8 ሰዓት አይደለም። ካርታው የሚያሰላው ለትንሽ መኪና ነው፤ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ዳገቱን ይሳባል፣ ቁልቁለቱን ይጠነቀቃል፣ ለነዳጅ ሲገባም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ላይ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፋቸዋለሁ። ያን ጊዜ ውኃ አቀርባለሁ፤ ለኮውን አስረዝሜ አንገታቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ እተዋቸዋለሁ፤ መስኮቶቹን ሁሉ እከፍታለሁ። በአውራ መንገድ ዳር ግን ፈረስ አላወርድም። አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ድንጋጤው ለኮውን ከእጅ ይነጥቃል፤ የተፈታ ፈረስ በመኪናዎች መካከል ምን እንደሚገጥመው መናገር አያስፈልገኝም። እረፍቱንና የመንገዱን ጠባይ ደምሬ ካርታው 6 ሰዓት የሚለኝን መንገድ 8 ብዬ እይዘዋለሁ።

ሕጉ ከዚህ የላላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1/2005 ለአብዛኛው የፈረስ ጭነት በየ8 ሰዓቱ ውኃ፣ ሲያስፈልግም መኖ እየተሰጠ እስከ 24 ሰዓት መጓዝን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ አውርዶ ቢያንስ 24 ሰዓት ማሳረፍን ያዛል። ደንቡ የሚያመለክተው የመጨረሻውን ጠርዝ ነው። በጠርዝ ላይ የሚነዳ ሰው ጎማ ቢፈነዳበት ወይም መንገድ ቢዘጋበት የሚያፈገፍግበት ቦታ የለውም።

እንግዲህ ካርታውን ዘርግቼ 8 ሰዓት የሚሞላበትን ነጥብ አገኝና ከእርሱ ወደ ኋላ የአንድ ሰዓት መንገድ እመለሳለሁ። የመጀመሪያ ምርጫዬን የምፈልገው በዚያ ክልል ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ምርጫ ከመጀመሪያው ቢበዛ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከተቻለም በምሄድበት አቅጣጫ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም አስቀድሜ አናግራለሁ። የሁለተኛውን ባለቤት አልዋሸውም፤ ‹‹ሌላ ቦታ ይዣለሁ፤ የሆነ ነገር ቢገጥመኝ ግን ልደውልልዎት እችላለሁን?›› ብዬ እጠይቃለሁ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እስከ ዛሬ የተቆጣ አልገጠመኝም።

የመድረሻ ሰዓቱም የምርጫው አካል ነው። ጀምበር ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ማለትም ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መድረስ እፈልጋለሁ። በብርሃን የማይታየኝን ሚስማር በጨለማ አላየውም። ፈረሱም እንግዳውን በረት ዞሮ አሽትቶ፣ አጥሩን አውቆ፣ ጎረቤቱን ተላምዶ ሲመሽበት ሌላ ነው፤ በጨለማ ከተሳቢ ወርዶ ወዲያው የማያውቀው አጥር ውስጥ ሲገባ ግን አጥሩን የሚያውቀው በደረቱ ነው።

የት ይጠየቃል

በብዙ አገሮች መንገደኛ ፈረስ የሚያሳድሩ የግል ጋጣዎች አሉ፤ ባለቤቶቹ አንዳንዴ ለሰውም አልጋ አላቸው። ስማቸውን የሚሰበስቡ ማውጫዎች በኢንተርኔት ይገኛሉ። ማውጫ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ የተጻፈው ከስንት ዓመት በፊት እንደሆነ አይናገርም፤ ባለቤቱ ፈረሶቹን ሸጦ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሌላ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤቶች፣ የውድድር ሜዳዎች፣ ኤግዚቢሽን የሚካሄድባቸው የእንስሳት ትርኢት ሜዳዎች ብዙ ጋጣ አላቸው፤ ውድድር በሌለበት ሳምንት ባዶ ነው። ውድድር ባለበት ሳምንት ደግሞ መቶ ከየአቅጣጫው የመጡ ፈረሶች አሉበትና እኔ አልገባም።

ከሁሉ ይልቅ የምተማመነው በሰው ምክር ነው። በመንገዴ ላይ ባለው አካባቢ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ደውዬ ‹‹ፈረስ የሚያሳድር ንጹሕ ቦታ ታውቃላችሁን?›› እላለሁ። ክሊኒኩ የማን ጋጣ በሽታ እንደማያጣው ያውቃል፤ ያንን በግልጽ ባይናገርም የማንን ስም እንደሚጠራና የማንን እንደሚዘል ሰምቶ መረዳት ይቻላል። የፈረስ ጫማ የሚገጥሙ ባለሙያዎችም ከጋጣ ወደ ጋጣ ስለሚዞሩ ወለሉንና አጥሩን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። በዚያው ስልክ ሁለተኛ ነገር አተርፋለሁ፤ ሌሊት ፈረስ ቢታመምብኝ የምደውልለትን ሐኪም ስልክ ቁጥር።

የከብት ገበያ በረት ላይ አላሳድርም። ሰፊ ነው፤ ብዙ ጊዜም መንገድ ዳር ነው፤ የሚያማልለውም ይኸው ነው። ነገር ግን ከየት እንደመጡ የማይታወቁ እንስሳት በየሳምንቱ የሚፈራረቁበት፣ ገንዳው የጋራ የሆነ ቦታ ለደከመ ፈረስ መጥፎ ነው።

በስልክ ምን እጠይቃለሁ

የስልክ ንግግሩን አላሳጥረውም። መጀመሪያ ራሴን አስተዋውቃለሁ፤ ስንት ፈረስ፣ ባዝራ ወይስ ድንጉላ ወይስ የተኮላሸ፣ የስንት ዓመት፣ ከየት ወደ የት፣ በስንት ሰዓት እንደምደርስ እናገራለሁ። የተሳቢዬንና የመኪናዬን ጠቅላላ ርዝመት በሜትር እነግራቸዋለሁ። ‹‹መግቢያው ሰፊ ነው›› የሚለው መልስ ለእኔ በቂ አይደለም፤ ‹‹14 ሜትር የሚረዝም ተሽከርካሪ ወደ ኋላ ሳይነዳ ዞሮ ይወጣል ወይ?›› ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያም በኮምፒውተር ላይ የሳተላይት ፎቶውን ከፍቼ ግቢውን አየዋለሁ። የዛፍ ጥግ፣ ጠባብ ድልድይ፣ የሚዞሩበት ሜዳ ከሰማይ ይታያል። ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የበር ራስ ግን ከሰማይ አይታይም፤ እርሱን በቃል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ስለ ፈረሱ ስፍራ። ጋጣ ነው ወይስ ክፍት በረት? ጋጣ ከሆነ ከ3.5 በ3.5 ሜትር ባያንስ እመርጣለሁ፤ ትልቅ ፈረስ ተኝቶ ሲነሣ እግሩ ግድግዳ ላይ እንዳይሰካ። በረት ከሆነ አጥሩ ምንድን ነው? እሾኻማ ሽቦ ከሆነ አመስግኜ እዘጋለሁ። የኤሌክትሪክ አጥር ከሆነ ፈረሴ ያውቀዋል ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የማያውቅ ፈረስ ሲነዝረው ሸሽቶ ይመለሳል ተብሎ አይታመንም፤ ወደ ፊት ጥሶ የሚያልፍም አለ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በሚገኝበት አካባቢ ደግሞ ዝግ ጋጣ እመርጣለሁ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ነፍሳት በብዛት የሚናከሱት ጀምበር ከምትጠልቅበት እስክትወጣ ነውና።

የሚነጠፈው ምንድን ነው? ገለባ ነው፣ ሰጋቱራ ነው? ሰጋቱራ ከሆነ ከምን እንጨት? ይህን ስጠይቅ የሚገረሙ አሉ። የጥቁር ዋልነት እንጨት ፍቅፋቂ ያለበት ንጣፍ ፈረሱ በቆመበት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሰኮናውን ውስጠኛ ክፍል ሊያስቆጣ ይችላል፤ እግሩ ያብጣል፣ መቆም ይሳነዋል። በአጥሩ ዙሪያ ስላሉት ዛፎችም እጠይቃለሁ፤ ኦሊያንደር የሚባለው የጌጥ ተክል ጥቂት ቅጠሉ ፈረስ ይገድላል፤ የቀይ ሜፕል የጠወለገ ቅጠልም ደሙን ይመርዘዋል።

ከዚያ በኋላ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ‹‹ባለፈው አንድ ወር በግቢው ውስጥ የሳለ፣ ትኩሳት የያዘው፣ ንፍጥ የወረደው ፈረስ ነበርን? ከእኛ በፊት በዚህ ጋጣ ማን አደረ? ከእርሱ በኋላ ታጥቧል?›› አክብሬ ነው የምጠይቀው፤ ግን አላልፈውም። መልሱን ከመስማት ይልቅ አመላለሱን አዳምጣለሁ። አንዲት ባለ ጋጣ ይህን ስጠይቃቸው ዝም ብለው ሰሙኝና ‹‹ልጄ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ›› ብለው የፈረሶቼን የክትባት ማስረጃ፣ የጤና የምስክር ወረቀት፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት የት እንደነበሩ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ከእርሳቸው ዘንድ አድራለሁ። ወረቀት የማይጠይቅ ጋጣ ከእኔ በፊት የመጣውንም ወረቀት አልጠየቀም። ስለዚህ ሰነዶቹ በሙሉ በአንድ መያዣ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ይቀመጡ። በሰሜን አሜሪካ የሚጓዝ ሰው የኮጊንስ ምርመራ ውጤትንም ይጨምር፤ ተላላፊውን የፈረስ የደም ማነስ ለመለየት የሚደረግ የደም ምርመራ ነው፤ ብዙ ጋጣዎች ያለ እርሱ አያስገቡም።

በመጨረሻ ክፍያውን፣ የሚያካትተውን፣ ፋንድያውን የሚያጸዳው ማን እንደሆነ፣ ስደርስ በሩን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ጠይቄ የሁለተኛ ሰው ስልክ ቁጥር እቀበላለሁ። ይህን የመጨረሻውን የዳማዋ ባዝራ ነገር ነው ያስጨመረኝ። ከአንድ ቀን በፊት እንደገና እደውላለሁ፤ በጉዞው ዕለትም ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ።

ከማውረድ በፊት

ደርሰን መኪናው ሲቆም ፈረሶቹ ሰኮናቸውን ወለሉ ላይ መምታት ይጀምራሉ፤ መውረድ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ መቸኮል ያምራል። እኔ ግን መስኮቶቹን ከፍቼ መጀመሪያ ብቻዬን እገባለሁ። መዳፌን በጋጣው ግድግዳ ላይ በፈረስ ደረትና በፈረስ ዓይን ቁመት እያስኬድኩ ዙሪያውን አዳርሳለሁ። ሚስማር፣ የተሰነጠቀ ሳንቃ፣ የተቆረጠ ሽቦ በእጅ ይገኛል። መቀርቀሪያውን ከውስጥ በኩል እገፋዋለሁ፤ በአፉ መቀርቀሪያ የሚከፍት አንድ አምባላይ ፈረስ ነበረኝና ከዚያ ወዲህ በለኮ መንጠቆ ደግሜ እዘጋለሁ። አምፖሉና ገመዱ ፈረስ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ መሆኑን አያለሁ። ከዚያ የጎረቤት ፈረሶችን አፍንጫ እመለከታለሁ። ቢጫ ንፍጥ፣ ከመንጋጋ ሥር እብጠት፣ ሳል ካየሁ ክፍያውን ከፍዬም ቢሆን ወደ ሁለተኛው ምርጫ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ይህን አድርጌ ባለቤቱ ተቀይሞኛል። ቅያሜውን ተቀብዬዋለሁ።

በሽታው የሚተላለፈው በአብዛኛው በአፍንጫና በውኃ ነው። ስትራንግልስ የሚባለው የጉሮሮ እብጠት በሽታ በጋራ ገንዳና በባልዲ ይዛመታል፤ ምልክቱም ከ3 እስከ 14 ቀን ዘግይቶ ይታያል። የሄርፐስ ቫይረስ ደግሞ በብዙ ጤነኛ ፈረሶች ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የጉዞ ድካም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ የጋራ ገንዳ አላጠጣም። ባልዲዬ የራሴ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፈረስ የራሱ፣ በቀለም የተለየ። ውኃ ስቀዳ የጎማውን ጫፍ ባልዲው ውስጥ አላስገባም፤ ያ ጫፍ ከእኔ በፊት በስንት ባልዲ ውስጥ እንደተነከረ አላውቅም። ፈረሶቼ ከጎረቤት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ እንዳይገናኙ በመካከል ባዶ ጋጣ እጠይቃለሁ። በግድግዳው ላይ ያለውን የመኖ ገንዳም አልጠቀምበትም፤ ድርቆሹ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ የመጣነውም ለዚያ ነው።

ውኃው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 45 ሊትር ይጠጣል፤ በጉዞ ላይ ግን ጣዕሙን የማያውቀውን ውኃ አሽትቶ የሚተው ብዙ ነው። ያልጠጣ ፈረስ አንጀቱ ይደርቃል፣ ቁርጠት ይይዘዋል። እኔ ከቤት 80 ሊትር በጀሪካን እይዝና ማታ ከእንግዳው ውኃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ እሰጣለሁ። ሌላው ዘዴ ከጉዞው ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ውኃው ላይ ትንሽ የፖም ጭማቂ ጠብ ማድረግ ነው፤ ፈረሱ ያንን ጣዕም ከለመደ በየትኛውም ማደሪያ ውኃው የቤቱ ይመስለዋል። ድርቆሹንም ነክሬ አቀርባለሁ፤ ውኃም ይጨምርለታል፣ ብናኙም ይቀራል። ድርቆሹ ከቤት የመጣ መሆን አለበት። ለአንድ ፈረስ በቀን ከ7.5 እስከ 10 ኪሎ አስቤ፣ ለአንድ ተጨማሪ ቀን የሚሆን ጨምሬ እጭናለሁ። እህል ግን በጉዞው ዕለት እቀንሳለሁ ወይም አስቀራለሁ።

ሲወርዱ አንዱን ለብቻው ትቼ ሌላውን ርቄ አልወስድም፤ የቀረው ይታወካል። ደፋሩን አስቀድሜ፣ ፈሪውን ወዲያው አስከትዬ አወርዳለሁ። ጋጣ ከማስገባቴ በፊት አሥር ደቂቃ በለኮ አራምዳቸዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት አንገታቸውን እስከ መሬት ዘርግተው ማናፋት ነው። ያንን ድምፅ ስሰማ ትከሻዬ ላይ የዋለው ነገር ይወርድልኛል።

ሌሊት

ከመተኛቴ በፊት የእያንዳንዱን ባልዲ የውኃ ልክ በጠመኔ አሰምራለሁ። ካወረድኳቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ እነሣለሁ። የማየው ሦስት ነገር ነው፤ ውኃው ቀንሷል ወይ፣ ትኩስ ፋንድያ አለ ወይ፣ ድርቆሹ ተበልቷል ወይ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ፋንድያ ካልጣለ፣ ወይም ጎድኑን ዞሮ ዞሮ ካየ፣ ወይም መሬቱን በእግሩ ከጫረ፣ ጆሮዬን ከጎድኑ ጋር አገናኝቼ አንጀቱን አዳምጣለሁ። የአንጀት ጩኸት ጥሩ ነው፤ ዝምታ ሐኪም ያስጠራል። የልብ ምቱ በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 መሆን አለበት። ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር ዳስሶ መቁጠርን እቤት ተለማመዱት፤ በጨለማና በጭንቀት ለመማር አይመችም።

ማደሪያ ሁሉ ሲታጣ

የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ምርጫ የሚከሽፍበት ሌሊት ይመጣል። ያን ጊዜ በተሳቢው ውስጥ ማሳደር ከመንዳት ይሻላል፤ ግን ሥርዓት አለው። ሜዳማ፣ ጸጥ ያለ፣ ለመቆም የተፈቀደ ቦታ ይፈለጋል። ተሳቢው ከመኪናው አይለይም፤ ፈረስ በውስጡ እያለ ተሳቢ መፍታት እርሱን ሊገለብጠው ይችላል። ጎማው በግራና በቀኝ ይታገዳል፤ መስኮቱ ሁሉ፣ ብርድም ቢሆን፣ ይከፈታል፤ የረጠበው ንጣፍ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ለኮው አፍንጫው እስከ ጉልበቱ እንዲደርስ ይረዝማል፤ እግሩ ግን እንዳይጠላለፍበት። ለኮው ያን ያህል ሊረዝም የማይችልበት ጠባብ ተሳቢ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ ማውረድና ማንሸራሸር ግድ ነው፤ ቦታው ካልታጠረ ደግሞ ማውረዱ አይቻልም። እንዲህ ያለው ተሳቢ ለሁለት ቀን መንገድ አይሆንም ብዬ ለደንበኞቼ በግልጽ እናገራለሁ።

በሁለት ዛፎች መካከል ከፈረሱ ራስ በላይ ገመድ ወጥሮ ማሰርም፣ ተገጣጣሚ የብረት አጥር ይዞ መሄድም አለ። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ፈረሱ እቤቱ ሳለ ቢያንስ ጥቂት ሌሊት አድሮባቸው ከሆነ። እንግዳ አገር፣ እንግዳ ገመድ፣ እንግዳ ጨለማ በአንድ ሌሊት አይጫኑበት።

ንጋት

ጠዋት ከድርቆሹ በፊት ቴርሞሜትር አወጣለሁ። የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ማታ ስንደርስ የለካሁትን ጠዋት ከለካሁት ጋር አስተያያለሁ፤ ከፍ ካለ አልጭንም። ለሚቀጥለው ማደሪያ ደውዬ እንደምንዘገይ እናገራለሁ፤ ሐኪም አስጠራለሁ፤ እዚያው እንቆያለን። ደንበኛው ቢቸኩልም መልሴ አይለወጥም። በሦስት ቀን ጉዞ ላይ ደግሞ ማንም ባይታመም ከሁለተኛው ሌሊት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን እናርፋለን፤ ይህን በውሉ ላይ አስቀድሜ አስገባለሁ።

ጋጣውን እኔው አጸዳለሁ፤ ጸድቶ ባገኘውም። ፋንድያውን ባሉኝ ቦታ እጥላለሁ፤ ባልዲዎቹን አጥቤ በፀሐይ አሰጣለሁ። መኪናና ተሳቢ የሚገናኙበትን መጋጠሚያ፣ የጥንቃቄ ሰንሰለቱን፣ መብራቱን፣ የጎማውን አየር እንደ አዲስ አያለሁ፤ ሌሊቱን በሰው ግቢ ነው ያደረው፤ ልጅም ነክቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ስለዚያ ማደሪያ እጽፋለሁ። የበሩን ስፋት፣ ከየትኛው አቅጣጫ መግባት እንደሚሻል፣ ውኃው ፈረሶቹን ደስ እንዳሰኘ፣ ሌሊት መብራት እንዳለ፣ ባለቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ። ዛሬ ለማደሪያ ፍለጋ ከማውጫም ከካርታም በፊት የምገልጠው ይህንን ደብተር ነው።

ፈረሱን ለባለቤቱ ሳስረክብ አንድ ወረቀት አብሬ እሰጣለሁ። በየማደሪያው የለካሁት ሙቀት፣ የጠጣው ውኃ፣ የበላው ድርቆሽ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ የሚሞላ ባዶ ሠንጠረዥ አለ። ከሌሎች ፈረሶች ለይተው ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲያቆዩት እነግራቸዋለሁ። ሙቀቱ ከ38.5 ካለፈ፣ ወይም ድርቆሹን ከተወ፣ ወይም ካሳለ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሐኪም ይጥሩ፤ ቀጥሎም ለእኔ ይደውሉልኝ።